ከአሸዋው ውጭ የምትሸና ድመት፦ ከየት ተጀምሮ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራ

ይህ መመሪያ ብዙ ሞክረው ላልተሳካላቸው ነው። በረኪና አፍስሰዋል፣ ድመቷን ተቆጥተዋል፣ አሸዋ ቀይረዋል፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጥተዋል፤ በሳምንቱ እዚያው ቦታ ላይ ተሸንቶ አግኝተዋል። ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የታመመች ድመት በአሸዋ ለውጥ አትድንም፤ ፍራሹ ጠረኑን ሳይለቅ አዲስ ሳፋ ማቅረብም ትርፉ ድካም ነው። መጀመሪያ የሽንቱ ዓይነት፣ ቀጥሎ ጤናዋ፣ ከዚያ ጠረኑ፣ ከዚያ ሳፋው፣ በመጨረሻ ማለማመዱ። አንዱን ሳትጨርሱ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ከዚህ በታች «ሳፋ» ስንል ድመቷ የምትሸናበትን የአሸዋ ዕቃ ሁሉ ማለታችን ነው፤ ከሱቅ የተገዛ ይሁን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ለውጥ የለውም።

ከሁሉ በፊት፦ ዛሬውኑ ሐኪም የሚያስፈልግበት ሁኔታ

ወንድ ድመት ያላችሁ ይህን ክፍል አትዝለሉት። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ በጣም ጠባብ ነው፤ በጠጠር፣ በደቃቅ ክሪስታል ወይም በዝልግልግ ነገር ይደፈናል። ሲደፈን ፊኛው ይወጠራል፣ ኩላሊት ሥራውን ያቆማል፣ ደም ውስጥ የሚከማቸው ፖታሲየም የልብ ምትን ያዛባል። ካልታከመ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይገድላል።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦

- ሳፋው ውስጥ እየገባ ያምጣል፤ ጠብታ ወይም ጭራሽ ምንም አይወጣም። ብዙ ሰው «ሆዱ ደርቆበት ነው» ብሎ የሚያልፈው ይህንን ነው።
- እያማጠ ይጮኻል፣ ብልቱን ደጋግሞ ይልሳል።
- ያስመልሰዋል፣ አይበላም፣ ይደበቃል፣ ሆዱን ሲነኩት ይቆጣል።

እነዚህን ካያችሁ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ፈልጉ። ወደ ክሊኒክ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ «ለወንድ ድመት የሚሆን ካቴተር አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የወረዳ የእንስሳት ክሊኒኮች በአብዛኛው የሚሠሩት ከብት ላይ ስለሆነ ይህ ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ ላይኖራቸው ይችላል። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች፣ ለምሳሌ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅና ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ቅርባችሁ ከሆኑ እዚያም ጠይቁ።

ሽንቱ እንዲወጣ ብላችሁ ሆዱን አትጫኑ፤ የተወጠረ ፊኛ ይፈነዳል። የሰው የሕመም ማስታገሻም አትስጡ። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፤ ግማሽ ፍሬ እንኳ ሊገድል ይችላል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም እንደዚያው።

ደረጃ 1፦ ሽንቱን አጥኑ

ለ3 ወይም ለ4 ቀን ወረቀት ላይ መዝግቡ፦ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል፣ በምን ላይ፣ በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ምን ነበር። ጤነኛ ድመት በቀን ከ2 እስከ 4 ጊዜ ትሸናለች። ደም ካያችሁበት፣ ወይም በሰዓታት ውስጥ ደጋግማ ከሸናች፣ መመዝገቡን ትታችሁ ወደ ደረጃ 2 እለፉ።

የቆየ እድፍ ለማግኘት በማታ መብራት አጥፉና ሱቆች የብር ኖት የሚመረምሩበትን ሐምራዊ መብራት፣ ማለትም የአልትራቫዮሌት ባትሪ፣ ወለሉና ግድግዳው ላይ በዝግታ አሳልፉ። የደረቀ ሽንት ፈዘዝ ያለ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። በኦሞ የታጠበ ጨርቅም ያበራል፤ እሱ ግን ወደ ሰማያዊ ነጭ ያደላል። የተጠራጠራችሁትን አሽትታችሁ አረጋግጡና ዙሪያውን በጠመኔ ክበቡት። በጠዋት መብራቱ አያሳያችሁም፤ ክቡ ግን ይቆያችኋል።

አሁን ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለዩ፦

- መሽናት። ቁጢጥ ብላ፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ፣ ብዙ። ፍራሽ፣ ምንጣፍ፣ የልብስ ክምር፣ የእህል ጆንያ።
- መርጨት። ቆማ፣ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ እያንቀጠቀጠች፣ ወደ ኋላ። ግድግዳ፣ በር፣ መጋረጃ፣ የሶፋ ጀርባ ላይ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ጀምሮ ወደ ታች የወረደ መስመር ታገኛላችሁ። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ለወትሮው ሽንቷ ደግሞ ሳፋውን መጠቀሟን አታቋርጥም።
- ማንጠባጠብ። ብዙ ቦታ ላይ ጥቂት ጥቂት፣ በተለይ ሴራሚክ፣ የእጅ መታጠቢያ ወይም የሻወር ወለል ላይ። ይህ ፊኛዋን የሚያማት ድመት ምልክት ነው።

ቦታውም ራሱ ይናገራል። ለስላሳ ነገር ላይ ብቻ የምትሸና ድመት የአሸዋውን ሸካራነት አልወደደችውም ይሆናል። ከሳፋው አጠገብ፣ አንድ እርምጃ ሳይርቅ የምትሸና ከሆነ ቦታው ተስማምቷታል፤ የጠላችው ዕቃውን ወይም ቆሻሻውን ነው። ሶፋ ሥር ተደብቃ የምትሸና ድመት ወደ ሳፋው በሚወስደው መንገድ ላይ የምትፈራው ነገር አለ፦ ውሻ፣ ልጅ፣ ሌላ ድመት፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን። በርና መስኮት ሥር ከሆነ ውጭ የሚዞር ድመት ተጠርጣሪ ነው።

ከአንድ በላይ ድመት ካላችሁና የትኛዋ እንደሆነች ካላወቃችሁ አትገምቱ፤ በአብዛኛው የምትከሰሰው ንጹሕዋ ናት። ለየክፍሉ ሳፋ አስቀምጣችሁ ለ2 ቀን ለያዩአቸው።

ደረጃ 2፦ ሐኪም፣ ውሃና ምግብ

የሽንት ናሙና ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው።

1. ሳፋውን በሙቅ ውሃ እጠቡ፤ የሳሙና ቅሪት እንዳይኖር ደጋግማችሁ አለቅልቁና አድርቁ።
2. በአሸዋ ፈንታ ንጹሕ ፌስታል በጣት ስፋት ቆራርጣችሁ ሙሉበት። ፌስታል ስለማይመጥ ሽንቱ ሥሩ ላይ ይጠራቀማል። ስትጨርሱ ቁርጥራጩን ወዲያው አንሱ፤ የሚውጡት ድመቶች አሉ።
3. መርፌ በሌለው ስሪንጅ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ቅዱና የተቀቀለና የደረቀ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ጨምሩ።
4. በ1 ሰዓት ውስጥ አድርሱ። ካልሆነ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት፤ ከዚያው ቀን ግን አይለፍ።

ሐኪሙ ክሪስታል ካገኘ ዓይነቱን ጠይቁ። ስትሩቫይት የሚባለው በልዩ ምግብ ሊሟሟ ይችላል፤ ካልሲየም ኦክሳሌት አይሟሟም፣ ጠጠር ከሆነ በቀዶ ጥገና ነው የሚወጣው። በወጣት ድመት ላይ ባክቴሪያ ብዙም አይገኝም፤ ስለዚህ ሳይመረመር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ አብዛኛውን ጊዜ ከንቱ ነው። ከ10 ዓመት በላይ የሆነች ድመት ላይ ግን ኢንፌክሽን፣ የኩላሊት ድካምና ስኳር በብዛት ይታያሉ፤ የደም ምርመራም ጠይቁ።

በወጣትና በጎልማሳ ድመት ላይ ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው ምክንያቱ ተለይቶ የማይታወቅ፣ በጭንቀት የሚቀሰቀስ የፊኛ መቆጣት ነው። ይህ ሕመም በሳምንት ገደማ በራሱ ጋብ ይልና ሌላ ጊዜ ያገረሻል። «መርፌው አድኗት ነበር፣ ደግሞ ጀመራት» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። እንዳይመለስ የሚረዳው ውሃና የተረጋጋ ቤት ነው።

ውሃ፦ 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት ከምግቧ ጋር ተደምሮ በቀን 200 ሚሊ ሊትር ያህል ያስፈልጋታል። ሰፋ ያሉ 2 ወይም 3 የውሃ ዕቃዎች ከምግቧም ከሳፋውም ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ደረቅ ምግብ የምትበላ ከሆነ በየመዓዱ 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ቀላቅሉበት። የአጥንት መረቅ ጥሩ ነው፤ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና በርበሬ ያልገባበት መሆን አለበት። ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ ወጥ የነካው ትርፍራፊ እንጀራ ለድመት ምግብ የማይሆነው ለዚህም ነው። ወተት በውሃ ቦታ አይቆጠርም።

ስለ ጾም አንድ ነገር፦ ድመት አትጾምም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ቤቱ ሥጋ ስለማይገባው ድመቷ በሽሮና በዳቦ የምትከርምበት ቤት ብዙ ነው። ድመት እህል ውስጥ የማታገኘው ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ያስፈልጋታል፤ በእህል ብቻ ስትኖር ደግሞ ሽንቷ ወደ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ያደላና ስትሩቫይት ለመፈጠር ይመቸዋል። ለእሷ ዓሣ፣ ዕንቁላል፣ ጉበት ወይም የድመት ምግብ አስቀድማችሁ ያዙላት። ከጾሙ ፍቺ በኋላ ያለው ሳምንትም ይታሰብበት፤ የእንግዳው ብዛትና የበጉ ጩኸት ለፈሪ ድመት ፊኛ ፈተና ነው።

ደረጃ 3፦ ጠረኑን ከሥሩ አውጡ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ አትቸኩሉ። የድመት ሽንት ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር በውሃ ይለቃል፤ ዩሪክ አሲድ ግን ክሪስታል ሆኖ ይቀራል። ሲደርቅ አይሸትም፤ እርጥበት ሲያገኝ ይነሳል። መጋቢት ላይ «ለቀቀ» የተባለ ምንጣፍ ሐምሌ ላይ የሚሸተው በዚህ ምክንያት ነው። እናንተ ባይሸታችሁም ለእሷ ይሸታታል፤ ለእሷ ደግሞ ያ ጠረን «ሽንት ቤት» የሚል ምልክት ነው። እጣን ማጨስ የሚያታልለው የሰውን አፍንጫ ብቻ ነው።

የማይነኩ ነገሮች

- በረኪና ሽንት ላይ አታፍስሱ። ከሽንቱ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። በረኪናና አቼቶ መቀላቀል ከዚያም የባሰ ነው፤ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል።
- አሞኒያ ያለበት ማጽጃ አትጠቀሙ። የሽንት ጠረን ይመስላታል።
- ዲቶልና ፌኖል ያለባቸው ተመሳሳይ ማጽጃዎች ለድመት መርዛማ ናቸው፤ እግሯ ላይ ከቀረ ትልሰዋለች።
- ሙቅ ውሃና ካውያ ጠረኑን ጨርቁ ውስጥ ያጣብቁታል።

የምታዘጋጁት

20 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ (ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ቀድማችሁ ቅዱ፤ መሐል ላይ ማቋረጥ ሥራውን ያበላሻል)፣ ጓንት፣ አሮጌ ፎጣዎች፣ አቼቶ፣ ኢንዛይም ያለበት ማጽጃ። ውጭ ሀገር የምትኖሩ ለቤት እንስሳት የተዘጋጀውን ከሱቅ ታገኛላችሁ። እዚህ ካልተገኘ የልብስ ሳሙና ዱቄቶችን ማሸጊያ ገልብጣችሁ አንብቡ፤ «ኢንዛይም» የሚል የተጻፈበትን 1 እጅ በ9 እጅ ለብ ያለ ውሃ በጥብጡ።

አዲስ ሽንት ከሆነ

1. ፎጣ ጣሉበትና ቆማችሁ ተጫኑት። አትሹት፤ ማሸት ያሰፋዋል።
2. ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሳችሁ እንደገና በፎጣ ምጠጡ። ሦስት ጊዜ ድገሙ።
3. የኢንዛይሙን ውህድ ሽንቱ የደረሰበት ድረስ እንዲሰርግ አድርጋችሁ አፍስሱ። ላዩን ብቻ መርጨት ጥቅም የለውም።
4. በላስቲክ ሸፍናችሁ እንዳይደርቅ አድርጉ። ኢንዛይም የሚሠራው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ነው።
5. በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፣ አድርቁ፣ ማታ በሐምራዊው መብራት ፈትሹ።

የቆየ ከሆነ፣ በተለይ ስፖንጅ ፍራሽ

ሽንቱ ላዩ ላይ የሳህን ያህል ታይቶ ውስጥ ውስጡን እጥፍ ስፋት ይዞ ይገኛል። ስለዚህ ከእድፉ ጠርዝ 10 ሴንቲ ሜትር አልፋችሁ ሥሩ።

1. ጨርቁን አውልቁና ለብቻው እጠቡ።
2. አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ አርሱት፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ በፎጣ ምጠጡት። ይህ አልካላይኑን ያረክሳል እንጂ ዩሪክ አሲዱን አያጠፋም፤ እዚህ ላይ አታቁሙ።
3. በውሃ አለቅልቁ። አቼቶው ካልወጣ ኢንዛይሙን ያዳክመዋል።
4. የኢንዛይም ውህዱን አፍስሱ፣ በእጃችሁ ጫን ለቀቅ እያደረጋችሁ ወደ ውስጥ አስገቡ፣ በላስቲክ ሸፍናችሁ አሳድሩት።
5. በማግሥቱ አለቅልቁና አቁማችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁ፤ ሁለቱም ፊት ፀሐይ ያግኝ። ውስጡ እርጥብ ሆኖ ከገባ ይሻግታል።
6. ከደረቀ በኋላ ከሸተተ ከ4 ጀምራችሁ ድገሙ። ለቆየ እድፍ ሁለት ሦስት ዙር የተለመደ ነው።

ኢንዛይም ጭራሽ ካልተገኘ፦ ግማሽ ሊትር ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ (ፋርማሲ አለ)፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነው፤ አይሆንም። ቀላቅላችሁ ወዲያው ተጠቀሙበት፤ የተረፈውን ጠርሙስ ውስጥ አትክደኑ፣ ጋዝ ፈጥሮ ይፈነዳል። ቀለም ስለሚያነጣ መጀመሪያ በማይታይ ጠርዝ ላይ ሞክሩት። ከአቼቶ ጋር አንድ ዕቃ ውስጥ አትቀላቅሉት።

ሌሎች ወለሎች

ሊሾ ሽንት ይመጥጣል፤ ውህዱን አፍስሳችሁ በላስቲክ ሸፍናችሁ አሳድሩት። ሴራሚኩ ራሱ ቀላል ነው፤ በመሐሉ ያለው ስሚንቶ ግን በጥርስ ብሩሽ ይታሽ። የጭቃ ግድግዳ ላይ ከሆነ ማጠብ አይረባም፤ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ፍቃችሁ በአዲስ ጭቃ ለስኑት። የጥጥ ፍራሽ ተፈትቶ ያ ክፍሉ ይወገድ። ጆንያ ይጣል፤ ሽንት የገባበት እህልም ለምግብ አይሁን።

ደረጃ 4፦ ሳፋውን አስተካክሉ

ብዛት። የድመቶቹ ቁጥር ሲደመር አንድ። ሁለት ድመት፣ ሦስት ሳፋ፣ በተለያየ ቦታ። ሦስቱን ጎን ለጎን ብትደረድሩ ለድመት አንድ ናቸው። ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህ ይከብዳል፤ ያኔ ሁለት አድርጋችሁ የማጽጃውን ጊዜ እጥፍ አድርጉ።

ስፋት። ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ መነሻ ለኩና በ1.5 አባዙ። 45 ሴንቲ ሜትር ለሆነች ድመት 65 ወይም 70 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። ከሱቅ የሚሸጡት አብዛኞቹ ያንሳሉ፤ ትልቅ የልብስ ሳፋ ይሻላል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ክዳን ያለውን ተዉት፤ ጠረን ያፍናል፣ ለምትፈራ ድመትም ማምለጫ አይሰጥም።

የሚሞላው። አብዛኞቹ ድመቶች ደቃቅ፣ ሽታ የሌለውና ሲነካ የሚላላ ነገር ይመርጣሉ። ሲረጥብ የሚቋጠረው፣ ቤንቶናይት ከሚባል ሸክላ አፈር የሚሠራው ከሁሉ የተሻለ ነው፤ የሽቶ ዓይነቱን አትግዙ። ዋጋው ካልተቻለ የወንዝ አሸዋ በዚህ መልኩ ይዘጋጃል፦

1. ጠጠሩ እንዲቀር በሽቦ ወንፊት ንፉት።
2. ባልዲ ውስጥ እያማሰላችሁ ውሃው እስኪጠራ እጠቡ። ካልታጠበ አቧራው ቤቱን ይሞላዋል፣ እሷንም ያስነጥሳታል።
3. ላስቲክ ላይ በትናችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁ። ሳትሸፍኑ አታሳድሩት፤ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ይጠቀምበታል፣ ከዚያ የእናንተዋ አትቀርበውም።
4. 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ሙሉ። 40 በ60 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ዕቃ 12 ሊትር ያህል ነው፤ ወደ 18 ኪሎ ይመዝናልና ሳፋውን ከማስቀመጫው ላይ ሆኖ ሙሉት።

ሰጋቱራ ከጣውላ ቤት ስታመጡ ቀለምና ቫርኒሽ ያልነካው መሆኑን አረጋግጡ፤ የባሕር ዛፍና የጥድ ሽታ የማይወዱ ድመቶች አሉ። አመድ አትጠቀሙ፦ ሲረጥብ የእግሯን መዳፍ ያቃጥላል።

ቦታ። ጸጥ ያለ፣ ሁለት መውጫ ያለው፣ ከምግቧ ቢያንስ 2 ሜትር የራቀ። በረንዳ ላይ የምታስቀምጡ ሌሊት በሩን ስትዘጉ ሳፋውንም እንደዘጋችሁባት አስታውሱ። ይህ ተራ ስሕተት ብቻውን ብዙ ፍራሽ አበላሽቷል።

ጽዳት። በቀን ሁለት ጊዜ በተበሳሳ አሮጌ ጭልፋ እዳሪውንና የተቋጠረውን አንሱ። የሚቋጠር ከሆነ በየ2 እስከ 4 ሳምንት ሙሉውን ቀይሩ። ተራ አሸዋ ሽንቱን ወደ ሥር ስለሚያሰርግ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይቀየር፤ ሳፋውን በለስላሳ ሳሙናና በሙቅ ውሃ ብቻ እጠቡት። ነፍሰ ጡር በቤት ካለች ይህን ሥራ ሌላ ሰው ይሥራ፤ ግድ ከሆነ ጓንት ታድርግ። ፅንስን የሚጎዳው የቶክሶፕላዝማ ተሐዋስ ከእዳሪው ጋር ከወጣ በኋላ ወደ ሰው ለመተላለፍ ቢያንስ 1 ቀን ስለሚፈጅበት በየቀኑ ማንሳት አደጋውን ይቀንሰዋል።

ደረጃ 5፦ ማለማመድ

የተለማመደችው በግቢ አፈር ላይ ከነበረና ወደ ኮንዶሚኒየም ከገባችሁ፣ በቀጥታ አሸዋ አትስጧት። የለመደችውን አፈር ሳፋው ውስጥ ሙሉ። በየ5 ቀኑ ሩቡን እያነሳችሁ በአሸዋ ተኩት፤ በ3 ሳምንት ገደማ ትሻገራለች። ዋጋው ውድ የሆነውን በአንድ ጊዜ ሞልቶ «አልፈለገችውም» ማለት የተለመደ ነው፤ ፍጥነቱ ነው ያስቸገራት።

ምን እንደምትወድ ካላወቃችሁ ሁለት አንድ ዓይነት ሳፋዎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንዱን በአሸዋ፣ ሌላውን በሌላ ነገር ሙሉና ለ1 ሳምንት ቁጠሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ አሸዋውንም ቦታውንም ሳፋውንም አብራችሁ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

ፍራሽና ሶፋ ለለመደች ድመት ክፍል ማጥበብ ያስፈልጋል፦

1. ምንጣፍና አልጋ የሌለበት ትንሽ ክፍል ምረጡ። በአንዱ ጫፍ መኝታ፣ ምግብና ውሃ፣ በሌላው ጫፍ ሳፋ።
2. መኝታዋ ጥቅጥቅ ያለ ለስላሳ ነገር አይሁን፤ ስስ ጨርቅ ይበቃል።
3. በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ገብታችሁ 15 ደቂቃ አጫውቷት። ይህ እስር ቤት አይደለም፤ ከተጨነቀች ፊኛዋ ይቆጣል፣ ወደ ደረጃ 2 ትመለሳላችሁ።
4. ሳፋው ላይ ስትሸና አትንኳት፤ ጨርሳ ስትወጣ ወዲያው ትንሽ ሥጋ ስጧት። ከ2 ደቂቃ በኋላ የተሰጠ ሽልማት ከምን ጋር እንደተያያዘ አታውቅም።
5. ያለ ስሕተት 7 ተከታታይ ቀን ካለፈ፣ ሸንታ እንደጨረሰች ለ1 ሰዓት አንድ ክፍል ብቻ ክፈቱላት። ችግር ከሌለ በየ2 ቀኑ ሰዓቱን፣ ከዚያ ክፍሉን ጨምሩ።
6. ከተሳሳተች አንድ ደረጃ ብቻ ወደኋላ ተመለሱ።

አትምቷት፣ አፍንጫዋን በሽንቱ አታሹ። የምትማረው እናንተ ባላችሁበት አለመሽናትን ነው፤ ተደብቃ መሽናት ትጀምራለች። በርበሬ መበተን ዓይኗንና መዳፏን ያቃጥላል፤ የቁም ሣጥን ናፍታሊን ደግሞ መርዝ ነው።

የድሮውን ቦታ መዝጋት። ይህ የሚሠራው ጠረኑ ከወጣና ሳፋው ከተስተካከለ በኋላ ብቻ ነው። ከተቻለ በሩን ዝጉ። ካልሆነ ፎይል ወይም ላስቲክ አንጥፉበት፤ ወይም የምግብ ዕቃዋን እዚያ አኑሩት፣ የምትበላበት ላይ መሽናት አትወድም። የእጅ መታጠቢያ ወይም ገንዳ ውስጥ ከሆነ 2 ሴንቲ ሜትር ውሃ አቁሩበት።

የምትረጭ ድመት ከሆነች

ሳፋ መቀየር እዚህ ብዙም አይረዳም፤ የምትረጨው ግዛቷን ለማስታወቅ ነው። ያልተኮላሸ ወንድ ከሆነ መጀመሪያ አኮላሹት። ከ10 ወንዶች 9 ያህሉ መርጨቱን ያቆማሉ ወይም በጣም ይቀንሳሉ፤ አንዳንዱ ላይ ግን ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል፣ በማግሥቱ ተስፋ አትቁረጡ። ዕድሜው ከ4 እስከ 6 ወር ሳለ ቢደረግ ልማዱ ሳይጀምር ይቀራል። ሴትም ወንድ በምትፈልግበት ወቅት ትረጫለች፤ መፍትሔዋ ማምከን ነው።

ቀጥሎ ውጭ ያለውን ድመት እንዳታየው የመስኮቱን ታችኛ ክፍል በወረቀት ሸፍኑ፣ በር ሥር ያለውን ክፍተት ድፈኑ፣ ደጃፍ ላይ ምግብ አታፍስሱ። የቤት ውስጥ ድመቶች የሚጣሉ ከሆነ ምግብ፣ ውሃና ሳፋ በሁለት አቅጣጫ ይሁን፤ አንዷ ኮሪደር ላይ ተኝታ የሌላዋን መንገድ ትዘጋለች፣ ይህ ጠብ ያለ ድምፅ ነው የሚካሄደው። ግድግዳውን ከወለል እስከ 50 ሴንቲ ሜትር እጠቡ፤ እድፉ ታች ቢታይም የተረጨው ከላይ ነው።

ሲበላሽ

ሳፋው ውስጥ ትቆማለች፣ ሽንቱ ግን ውጭ ይፈስሳል። መርጨት ወይም የመቀመጥ ችግር ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ውሰዱና አንዱን ጎን ለመግቢያ ቁረጡት።

አይነ ምድሯን ሳፋው ላይ፣ ሽንቷን ሌላ ቦታ ታደርጋለች። ሁለቱን መለየት የሚወዱ አሉ። ሁለተኛ ሳፋ ጨምሩ፣ በሁለተኛው ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሙሉበት።

ክፍል ውስጥ ከገባች ጀምሮ አልሸናችም። 24 ሰዓት ካለፈ ሐኪም ጋ ደውሉ፤ ወንድ ሆኖ የሚያምጥ ከሆነ 24 ሰዓቱን አትጠብቁ።

ሁሉም ደኅና ሆኖ ከወራት በኋላ ተመለሰ። አሸዋው ከሌላ ቦታ መጣ ወይ? ሕፃን ተወለደ? ቤት ተቀየረ? ምንም ለውጥ ካላገኛችሁ ሌላ የሽንት ምርመራ።

ያረጀች ድመት ሳፋው አጠገብ ደርሳ ትሸናለች። ጉልበቷ አልታጠፍ ብሏት ይሆናል። የሳፋውን አንድ ጎን ከ8 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ አድርጋችሁ በጋለ ቢላ ቁረጡት፣ የተቆረጠውን ጠርዝ በፕላስተር ሸፍኑት፣ ሥሩ እንዳይንሸራተት ደግሞ አሮጌ የመኪና ምንጣፍ አድርጉለት።